ባዶ ኮንቴይነር ዓባይን እየተሻገረ፦ ከጎጃም ነጋዴዎችና አጓጓዦች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የወደብና የደረቅ ወደብ አገልግሎትን ለሚመራው መሥሪያ ቤት

ግልባጭ፦ በጉምሩክ፣ በመንገድና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ለተመደቡ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚነካው ሕዝብ

ጉዳዩ፦ የባዶ ኮንቴይነር መመለሻን በሚመለከት የተላለፈው ውሳኔና ለውይይት የተሰራጨው የስትራቴጂ ረቂቅ እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የምንኖር አስመጪዎች፣ ላኪዎች፣ የአርሶ አደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮችና የከባድ ጭነት መኪና ባለንብረቶች ነን። ለመጻፍ ያስገደዱን ጉዳዮች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ወደ አካባቢያችን ዕቃ ይዘው የሚመጡ ኮንቴይነሮች ከተራገፉ በኋላ ባዶአቸውን መሐል አገር ለሚገኙ ተርሚናሎች ብቻ እንዲመለሱ፣ ይህ ካልሆነ ግን ለኮንቴይነሩ መያዣ ያስያዝነው ገንዘብ እንደማይለቀቅልን በመጀመሪያ በቃል፣ ኋላም በማስታወቂያ ሰሌዳ የተነገረን ውሳኔ ነው። ሁለተኛው፣ የባሕር ወደብ አጠቃቀማችንንና የደረቅ ወደቦችን (ከባሕር ርቀው በአገር ውስጥ ያሉ የኮንቴይነር ተርሚናሎች) ተወዳዳሪነትና የአካባቢ ጥበቃ ይመራል ተብሎ ለውይይት የተሰራጨው ረቂቅ ነው። በዚህ ረቂቅ ስለ ባሕር በሩ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ትልልቆቹ ተርሚናሎች በስፋት ተጽፏል፤ ከዓባይ ወዲህ ማዶ ስላለው ጭነት ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አላገኘንም።

ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የአሰብን ወደብ መጠቀም ካቆመች ወዲህ የገቢና ወጪ ንግዷ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የጎጃም ነጋዴ ግን ከጅቡቲ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኮንቴይነሩ የሚከፈተው፣ የጉምሩክ ሰነዱ (ዲክላራሲዮኑ) የሚቀርበው፣ ቀረጡ የሚከፈለውና ቅጣቱም የሚቆጠረው በደረቅ ወደብ ነው። ስለዚህ በደረቅ ወደብ የሚወሰን እያንዳንዱ ነገር በደብረ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ የሚስማርን፣ በወንበርማ ማሳ ላይ የማዳበሪያን ዋጋ ይወስናል።

ረቂቁ ተወዳዳሪነትን በአንድ ምዕራፍ፣ አካባቢ ጥበቃን በሌላ ምዕራፍ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ስለ ክሬን ብዛት፣ ስለ መርከብ ቆይታና ስለ ታሪፍ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ዛፍ ተከላ፣ ስለ ግቢ ፍሳሽና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ። በእኛ መንገድ ላይ ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው። አንድ መኪና ባዶ ኮንቴይነር ተሸክሞ የዓባይን በረሃ ሲሻገር ነጋዴው የማይሸጠውን አየር ለማጓጓዝ ይከፍላል፣ አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የገዛችውን ናፍጣ ታቃጥላለች፣ ጭሱንም የደጀንና የጎሐ ጽዮን ሰው ይተነፍሰዋል። ያው አንድ ጉዞ በሁለቱም ምዕራፎች መቆጠር ሲገባው በአንዱም አልተቆጠረም። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ቅሬታዎች ሁሉ የሚያያዙት ከዚህ ጋር ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የባዶ ኮንቴይነሩ ውሳኔ ራሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለባት ሞጆ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 75 ኪሎ ሜትር ያህል። ከሞጆ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ኮንቴይነር 375 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ በአዲሱ ውሳኔ መሠረት ሌላ 375 ኪሎ ሜትር ባዶውን ይመለሳል። ቡሬ ለሚራገፍ ኮንቴይነር በእያንዳንዱ አቅጣጫ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመራል። በዚያው ሳምንት እዚያው ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ሌላ ነጋዴ አኩሪ አተር ወይም ሰሊጥ ለውጭ ገበያ አዘጋጅቶ በጆንያ ይጭንና በሌላ መኪና ወደ መሐል አገር ይልካል። እህሉ እዚያ ከመኪና ይወርዳል፣ መጋዘን ይገባል፣ እንደገና በወዛደር ትከሻ ወደ ኮንቴይነር ይጫናል። ምናልባትም የሚጫንበት ኮንቴይነር ከጥቂት ቀን በፊት ከዚሁ ከእኛ ከተማ ባዶውን የሄደው ነው።

ሒሳቡን ለማሳየት ያህል፣ አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል ብንል፣ የ750 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ጉዞ 300 ሊትር ይፈጃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ስለዚህ የገባው ኮንቴይነር እዚሁ ተጭኖ ቢመለስና የሁለተኛው መኪና ጉዞ ቢቀር ከ800 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጭስ ሳይወጣ ይቀራል። የእህሉ መኪና በመልሱ ሲሚንቶ ወይም ሸቀጥ የሚያገኝበት ጊዜ ስላለ ሁሉም ጉዞ በዚህ ልክ ባዶ ነው አንልም። የመልስ ጭነት ማግኘትና አለማግኘት ግን ለዕድል የሚተው ነገር ሊሆን አይገባም፤ ስትራቴጂ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ይህ ከወረቀት ያለፈ ችግር መሆኑን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። በቡሬ አንድ አባላችን የማሽን መለዋወጫ የመጣበትን ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አራግፎ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ከእርሱ ጋር በአጥር የሚዋሰነው ላኪ በዚያው ሰሞን ለሚልከው አኩሪ አተር ኮንቴይነር ይፈልግ ነበር። ሁለቱ ተስማሙ፤ የሚጎድለው ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈቃዱን የጠየቁበት ቢሮ ኮንቴይነሩ መጀመሪያ በመሐል አገር ተርሚናል ተረክቦ፣ ተፈትሾ፣ ከመዝገብ መሰረዝ እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላ ላኪው ከፈለገ እዚያው ሄዶ ሊወስደው እንደሚችል መለሰላቸው። ኮንቴይነሩ ባዶውን ሄደ፤ እህሉም በሌላ መኪና ተከተለው። የማጓጓዣውን ዋጋ ሁለቱም ከፈሉ።

ሌላው ጉዳት ዕቃችን ላይ የሚደርሰው ነው። የማስያዣው ገንዘብ እንዳይታገድበትና የመመለሻው ቀን እንዳያልፍበት የሚፈራ አስመጪ ኮንቴይነሩን ወደ ከተማው ከማምጣት ይልቅ እዚያው ተርሚናል ያራግፈዋል። በደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ መስታወትና ሴራሚክ በዚህ መንገድ በክፍት መኪና አስጭኖ፣ በሸራ ሸፍኖ ሲያመጣ ከጭነቱ ብዙው ተሰብሮ ደርሷል። ዕቃው ከውጭ አገር ፋብሪካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ደኅና የመጣ ነው፤ የተሰበረው በመጨረሻው መንገድ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ በኮንቴይነር እስካለ ድረስ ብቻ የሚሸፍን በመሆኑ ኪሣራው የራሱ ሆኗል።

ነገሩ በታሪካችን ከነበረውም ያነሰ መሆኑ ያስገርመናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ደቡብ የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ተቀብሎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያሻግር ነበር፤ አሞሌ ጨው ጭኖ የወረደው ሲራራ ነጋዴም በመልሱ ለአጋሰሱ ሸክም ፈልጎ ይነሣ ነበር። የዛሬው ነጋዴም የመልስ ሸክሙን አግኝቷል። መጫን የተከለከለው በመመሪያ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ መንገድ ሲዘጋ የሚቆጠረው ክፍያ ነው። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ መኪና የማያልፍበት ሆኖ ያውቃል። ይህን እንድታስተካክሉ አንጠይቃችሁም፤ የእናንተ ሥራ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ መዘጋቱ በይፋ በሚታወቅበት ጊዜ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ቅጣት እንደ ወትሮው ሲቆጠር ቆይቶ፣ መንገዱ ሲከፈት ነጋዴው የተጠራቀመ ሒሳብ ይቀርብለታል። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ያስመጣ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዕቃው ከተርሚናል ሳይወጣ የበጋው መስኖ ወቅት አለፈበት፤ በዚያ ላይ ለማቆያው የከፈለው ገንዘብ ሌሎች ሞተሮች ሊገዛ ይችል ነበር። የማቆያ ቅጣቱ ከፊሉ ለውጭ የመርከብ ድርጅቶች በውጭ ምንዛሪ የሚሄድ በመሆኑ ጉዳቱ የማኅበሩ ብቻ አይደለም። አቤቱታ ያቀረበው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ያገኘው መልስ፣ ውሉ ላይ ስለ መንገድ መዘጋት የተጻፈ ነገር የለም የሚል ነበር። ውሉን የጻፈው ግን ማኅበሩ አልነበረም።

ሦስተኛው የማዳበሪያ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም የጎጃም ትልቁ ገቢ ጭነት ይኸው ነው። ሜጫ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወንበርማ በቆሎ የሚዘሩ ወረዳዎች ናቸው፤ እነማይ፣ ደጀንና አካባቢው ደግሞ የነጭ ጤፍ አገር። በቆሎው በግንቦትና በሰኔ ዘር ላይ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ጤፉ እስከ ሐምሌ ይታገሣል። ማዳበሪያው በጅምላ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ እዚያ በጆንያ ተሞልቶ በመኪና ወይም በባቡር ይነሣል። ረቂቁ በዚህ ሥራ ላይ ያስቀመጠው መለኪያ መርከቡ ወደቡ ላይ ስንት ቀን ቆየ የሚል ነው። መርከቡ ፈጥኖ ተራግፎ ጆንያው መሐል አገር መጋዘን ውስጥ ቢከርም በዚህ መለኪያ ወደቡ ተወዳዳሪ ተብሎ ይመዘገባል። ለበቆሎ አራሹ የሚቆጠረው ማዳበሪያው ቀበሌው መጋዘን የደረሰበት ቀን ነው። ያ ቀን ከሰኔ ካለፈ፣ የተቀረው የጉዞው ክፍል ምን ያህል ፈጣን እንደነበር መንገር ለእርሱ ትርጉም የለውም። የዘገየ ማዳበሪያ አካባቢንም ይጎዳል፤ ከወቅቱ ውጭ የተበተነ ዩሪያ ሰብሉ ሳይጠቀምበት በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይገባል፤ እንደ ግልገል ዓባይ ያሉ የምዕራብ ጎጃም ወንዞችም የሚገቡት ጣና ውስጥ ነው፤ እንቦጭ የወረረው ሐይቅ ተጨማሪ ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

በማዳበሪያ ወቅት መኪኖች በብዛት ወደ እኛ መጥተው ባዶአቸውን እንደሚመለሱ እንቀበላለን፤ የወጪ እህላችን በብዛት የሚነሣው ከኅዳር ጀምሮ ስለሆነ ሁለቱ ወቅቶች አይገጥሙም። ከባዶ ጉዞ ውስጥ ምን ያህሉ ሊቀር እንደማይችል፣ ምን ያህሉ ደግሞ በመመሪያ ምክንያት ብቻ እንደሚደረግ ለይቶ ማስቀመጥ የረቂቁ አዘጋጆች ሥራ ነበር። አልተሠራም።

አራተኛው፣ ረቂቁ የአካባቢ ጉዳትን የሚለካው ከተርሚናሉ አጥር ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። የግቢው ፍሳሽ ተቆጥሯል፣ የሚተከለው ችግኝ ተቆጥሯል። ከበሩ ውጭ የሚሆነው ግን የማንም አይደለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙ ላይ የነበረውን ችግር አቃሏል፤ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ግን ድልድይ አያቃልለውም። የተጫነ ተሳቢ እዚያ በአንደኛ ማርሽ ይሳባል፣ ፍሬን ይግላል፣ ዘይት ያፈስሳል፤ በክረምት መሬቱ ሲንሸራተት ሰልፉ ይረዝማል፣ ሞተር ሳይጠፋ ሌሊቱ ይነጋል። ደጀን ላይ የተቃጠለ ዘይት የሚጣልበት፣ ያረጀ ጎማ የሚሰበሰብበት፣ ሾፌርና ረዳት የሚያርፍበትና የሚታጠብበት በአግባቡ የተሠራ አንድ የመኪና ማቆሚያ እንኳ አለመኖሩን በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያያል። ለኮቴ የሚከፈለው ገንዘብ ግን በየከተማው በር ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው የገቢ ዕቃ ከሞላ ጎደል ከደረቅ ወደብ የተነሣ ነውና የወደቡ የአካባቢ ኃላፊነት በሩ ላይ ሊያበቃ አይችልም።

በዓለም ያሉ ወደቦች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1989 በፊት የተሠሩ መኪኖች ወደ ተርሚናሎቻቸው እንዳይገቡ የከለከሉት፣ የከተማውን አየር ከሚበክለው ዋነኛው ነገር አንዱ ከበራቸው የሚወጣው መኪና መሆኑን አምነው ነው። እኛ የመኪና ባለንብረቶች ይህን ምሳሌ ስንጠቅስ ግን እያመነታን ነው፤ እዚያ አዲሱን መኪና የመግዛት ዕዳ ከፊሉ በራሳቸው መኪና በሚሠሩ ሾፌሮች ትከሻ ላይ ወድቆ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የሮተርዳም ወደብ በበኩሉ ባሕር ሞልቶ ባወጣው አዲስ መሬት ላይ የተሠሩትን ተርሚናሎች ሲያከራይ፣ በመኪና የሚወጣው ኮንቴይነር ድርሻ እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ወደ 35 በመቶ እንዲወርድና የቀረው በጀልባና በባቡር እንዲሄድ በውሉ ውስጥ አስገብቷል። ግዴታው የተጣለው በተርሚናሉ አስተዳዳሪ ላይ ነው። በእኛ ረቂቅ ውስጥ አሮጌ መኪና ስለማስወገድ የተጻፈው አንቀጽ አለ፤ ማን እንደሚከፍል ግን አይናገርም።

አምስተኛው ባቡሩ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭ ኃይል ስለሚሠራ በእርሱ የሚጓዝ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ናፍጣ ያድናል። ረቂቁ ጭነት ከመኪና ወደ ባቡር መዞር አለበት ሲል ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ባቡሩ ከሚያቆምበት በኋላ ነው። ለእኛ አንድ ወጥ ዋጋ የለም። ለባሕሩ፣ ለባቡሩ፣ ለተርሚናሉ፣ ከዚያም ለመኪናው በየተራ እንዋዋላለን፤ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ማዘግየትና ተጨማሪ ክፍያ አለ። በባቡር የተገኘው ቅናሽ ሞጆ ላይ ተበልቶ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ዋጋ ከመኪናው ጋር ይመሳሰላል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ የዘረጋችው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ከጀመረ በኋላ መንግሥት የገቢ ኮንቴይነሮች በባቡር ወደ መሐል አገር ደረቅ ወደብ እንዲሄዱ አስገድዶ ነበር። ነጋዴው ወጪ ጨመረብኝ አለ፣ የሞምባሳ አጓጓዦች ሥራ አጣን አሉ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ግዴታውን አነሣው። ጭነት በትእዛዝ ወደ አንድ በር ሊነዳ ይችላል፤ የሚጸናው ግን ያ በር ርካሽና ፈጣን ሲሆን ነው። ባዶ ኮንቴይነራችንን ሁሉ ወደ መሐል አገር የሚነዳው ውሳኔ ከዚህ የተማረ አይመስልም።

በሰሜን በኩል ያለውም መንገድ በረቂቁ ውስጥ አልታሰበበትም። ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ ገብቶ በወልዲያና በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚመጣው መንገድ አዲስ አበባንም የዓባይን በረሃም አይነካም። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ አለ፤ ለባሕር ዳር፣ ለመራዊና ለዳንግላ ይቀርባል። ደብረ ማርቆስ ግን ከወረታም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሞጆም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ አገር ከሁለቱም እንደ ሩቅ ይቆጠራል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚሄድ የባቡር መስመር በአንድ ወቅት በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ እንደነበር እናስታውሳለን። ነገ ይሠራ አንልም። ረቂቁ የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚመለከት ነው ከተባለ ግን ያ መስመር ቀርቶ እንደሆነ ወይም በይደር ያለ እንደሆነ መናገር ነበረበት።

ስለ ባሕር ወደቦች ፉክክር የምንለው ጥቂት ነው። የሶማሌላንዱ የበርበራ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ከፍቷል፣ የኬንያው የላሙ ወደብም በዚያው ዓመት የመጀመሪያ መልሕቅ መጣያውን አስመርቋል፤ አማራጭ መኖሩ የጅቡቲን ታሪፍ ለመደራደር እንደሚጠቅም አንጠራጠርም። የባሕሩ ክፍል የአካባቢ ወጪ ደግሞ እኛ ሳንጠየቅ ደርሶናል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ የሰልፈር መጠን ከ3.50 ወደ 0.50 በመቶ እንዲወርድ ሲደነገግ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2024 ጀምሮ በመርከቦች ጭስ ላይ ክፍያ ሲጥል፣ የመርከብ ድርጅቶች ልዩነቱን በጭነት ዋጋ ላይ ጨምረዋል። ባሕር ላይ ለንጹሕ አየር እየከፈልን የብስ ላይ በባዶ ጉዞ የምናቃጥለው ናፍጣ እንዳልነበረ መቆጠሩን ልንቀበለው አንችልም።

ስለ ቀዝቃዛ ጭነት ባጭሩ፦ ከመራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ መስኖ አርሶ አደሮች አቮካዶ እያመረቱ ነው። አቮካዶ ከዛፍ ከወረደ ጀምሮ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ይፈልጋል፤ ኮንቴይነሩም በቆመበት ሁሉ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ። በመንገዳችን ላይ ከጎጃም እስከ ባቡሩ ድረስ ኮንቴይነር የሚሰካበት አንድም ቦታ ስለሌለ ሥራው በጄኔሬተር ናፍጣ ላይ ይወድቃል። የሕዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀበት አገር፣ ከግድቡም ብዙ በማይርቅ ምድር ላይ ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

አዲስ ደረቅ ወደብ ይሠራ ሲባል ሰፊ የእርሻ መሬት ማጠር እንደሚከተል እናውቃለን፤ ይህንንም አንፈልግም። የምንጠይቀው ትልቅ ወደብ አይደለም። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አለ፤ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በሞጣ የገጠር መሸጋገሪያ ማዕከላት ተብለው የተያዙ ቦታዎች አሉ። ለኮንቴይነር ማሳረፊያ የሚሆን የተጠረገ ሜዳ፣ አንድ ማንሻ ማሽን፣ መፈተሻና መዝጋቢ ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያዎችና የዘይት ፍሳሽ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ካለ ለጅምሩ ይበቃል።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ባዶ ኮንቴይነር በመሐል አገር ብቻ እንዲመለስ የሚያዘው ውሳኔ እንዲታገድ፤ በቡሬና በደብረ ማርቆስ የባዶ ኮንቴይነር መረከቢያ እንዲከፈትና እስኪከፈትም ድረስ አስመጪና ላኪ ተስማምተው የአንዱን ኮንቴይነር ሌላው እንዲጭንበት ሰነዱ በርቀት የሚያልቅበት አሠራር እንዲዘረጋ፤ ለዚህም ከመርከብ ድርጅቶች ጋር የሚደረገውን ስምምነት መሥሪያ ቤታችሁ እንዲመራ።

ሁለተኛ፣ መንገድ መዘጋቱ በይፋ በተረጋገጠባቸው ቀናት የመጋዘን ኪራይና የማቆያ ቅጣት እንዳይቆጠር፤ ባለፉት ዓመታት በዚህ ምክንያት የተከፈለውም በሰነድ እየታየ ለቀጣይ አገልግሎት እንዲታሰብ።

ሦስተኛ፣ ለማዳበሪያ የሚቀመጠው መለኪያ ጆንያው ቀበሌ መጋዘን የሚደርስበት ቀን እንዲሆን፤ ለበቆሎ ወረዳዎች የሚሄደውም እስከ ግንቦት አጋማሽ እንዲደርስ በዕቅዱ እንዲጻፍ።

አራተኛ፣ በረቂቁ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ውስጥ ከተርሚናል እስከ መራገፊያ ያለው መንገድ እንዲካተት፤ በየሩብ ዓመቱም ስንት ኮንቴይነር ባዶውን ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ለሕዝብ እንዲገለጽ። አሮጌ መኪና የሚቀየርበት አሠራር ከመጽናቱ በፊት የብድርና የቀረጥ ሁኔታው ከባለንብረቶችና ከሾፌሮች ጋር እንዲመከርበት፤ ደጀን ላይ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበሰብበትና ሾፌሮች የሚያርፉበት ማቆሚያ ከሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ እንዲሠራ።

አምስተኛ፣ ከጅቡቲ እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና እንጅባራ ድረስ ባቡርንና መኪናን ያካተተ አንድ ወጥ ዋጋ በይፋ እንዲወጣ፣ በወረታ በኩል የሚመጣውም ዋጋ ጎን ለጎን እንዲገለጽ፤ ምርጫውም ለነጋዴው እንዲተው።

ስድስተኛ፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በደብረ ማርቆስ ወይም በቡሬ የምክክር መድረክ እንዲዘጋጅ፤ ሰነዱም ከመድረኩ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ በአማርኛ እንዲደርሰን። እስካሁን የደረሰን ቅጂ ሙሉ ሰነዱ ይሁን ከፊሉ ማንም ሊነግረን አልቻለም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ የተጠቀሱትን ጉዳዮች የሚያስረዱ ደረሰኞች፣ ውሎችና የአቤቱታ ቅጂዎች በእጃችን ስላሉ በተጠየቅን ጊዜ እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የአስመጪዎችና ላኪዎች ተወካይ፣ ደብረ ማርቆስ
የአርሶ አደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካይ፣ ቡሬ
የከባድ ጭነት መኪና ባለንብረቶች ተወካይ፣ ደጀን
የሾፌሮች ተወካይ፣ እንጅባራ